አጥር ተብላ ስለተቀባችው የአባቴ መኪና

ለተከበሩ የአካባቢያችን ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ሰሞኑን ከደጃፍ ደጃፍ ሲንከራተት ለከረመው የቀለም ባልዲዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አባቴም ደህና ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር ከገባው ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም በቀር የሚያስቸግራቸው ነገር የለም፤ ስለ እሱም አንዲት ቃል አልተናገሩም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ዝምታቸው ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ ይሆናል እንጂ የቢሮዎን መጋረጃዎች የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ስለተላላጠ መጋረጃው እስከ ወለሉ ይውረድ ተብዬ ነበርና በታዘዝሁት መሠረት አውርጄዋለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ስለ ማስዋብ ያለውን እምነት ያኔ በጨርቅ ላይ ያየሁ ሰው፣ አሁን በብረት ላይ ሳየው መደንገጥ አልነበረብኝም። ደንግጬ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጉዳዬ ስለ አንዲት መኪና ነው። አጥራችንን ተጠግታ የምትቆመው፣ ክብ መብራቶች ያሏት፣ ጥቁር ቀይ የነበረችው መኪና የአባቴ ናት። ከእኔ በዕድሜ ስለምትበልጥ በቤታችን «ታላቅየዋ» ትባላለች። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በእሷ ላይ ሰዎችን መኪና መንዳት በማስተማር ነው። ከተማሪው ጎን ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን ለክፉ ቀን በተበጀችው ሁለተኛ ፍሬን ላይ አሳርፈው፣ የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ ከፍርሃቱ ገላግለዋል። አሁን ሥራ አቁመዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም። ስለዚህ መኪናዋን የሚያዩዋት በእጃቸው ነው። ሲመሻሽ ይወጡና ከኮፈኗ ጀምረው እስከ ኋላዋ ይዳብሷታል፤ የትኛው ስርጉድ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ይቺ የነርሷ ናት ይላሉ፤ ይቺ የዚያ ፀጉር አስተካካይ ናት፤ ይቺን ያመጣት ደግሞ ድመት ላለመግጨት ብሎ ግንብ የገጨው መምህር ነው። ሁሉንም ስርጉዶች አስተካክል ብለው ፈቅደውልኝ፣ ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ያለችውን አንዷን ብቻ እንዳትነካ ብለው ከልክለውኛል። የማን እንደሆነች በኋላ እመለስበታለሁ።

በሚመጣው ቅዳሜ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። ሐሳቡ ታላቅየዋ ላይ አስቀምጠዋቸው፣ መንዳት ወዳስተማሯቸው ሜዳ ወስደው አንድ ዙር ሊያዞሯቸው ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ብርሃኑ ጭራሹን ሳይጠፋብኝ በፊት ሙሉ ሆና ባያት» አሉ። ሙሉ አልነበረችም። ዝገት በልቷት ነበር።

ዝገት ማለት ብል ነው፣ ክቡርነትዎ። ብል ጨርቅን ከእጥፋቱ እንደሚጀምር ሁሉ፣ ዝገትም ላሜራን የሚበላው ከታጠፈበትና ውሃ ከሚተኛበት፣ ከበሩ ግርጌና ከመርገጫው ሥር ተነሥቶ ነው። ከላይ ለሚያየው ቀለሙ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል እብጠት ብቻ ናት። በጠመንጃ መፍቻ ጫን ሲሏት ግን መፍቻው እስከ እጀታው ይሰምጣል። ከላይ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይኸው ነው። በእኔ ሙያ እራፊ የሚጣለው የተበላው ሁሉ ተቆርጦ ጤነኛ ድር ከተገኘ በኋላ ነው፤ በተበላ ጨርቅ ላይ የተጣለ እራፊ ባለቤቱን መንገድ ላይ ያዋርዳል። ብረትም እንዲሁ ነው አለኝ ጎረቤቴ በያጁ፣ ከእጁ እሳት ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ብልጭታ» ብሎ የሚጠራው።

ከእሱ ጋር ተስማምተን ሠራን። እኔ የኮት ኮሌታ በምቆርጥበት ወረቀት የበሩን ግርጌና የመርገጫውን ልክ አወጣሁ፤ እሱ በልኩ ላሜራ ቆረጠ። ከልማዴ የተነሣ በዙሪያው ለስፌት የሚሆን ትርፍ ትቼ ኖሮ፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ለምንድን ነው? መኪናዋ ስትወፍር ልታሰፋት ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ውስጥ ወፍራም መኪና ባለፈች ቁጥር ስሜ ይነሣል። ብየዳውንም በአንድ ጊዜ አይጨርሰውም፤ ግለቱ ላሜራውን እንዳያጣምመው አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ጠብ እያደረገ፣ እያበረደ ይሄዳል። እኛ ይህን መወስወስ እንለዋለን። ሲያልቅ የብየዳውን ጉብታ በሞረድ አስተካክለን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን፣ በመንገዱ በኩል ያለው ጎኗ ከበሩ ወገብ በታች የሚያብረቀርቅ ባዶ ብረት ሆነ። አባቴ ዳበሱትና «ቀዝቃዛ ነው፤ ጤነኛ ነው» አሉ። ብልጭታ መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ «ባዶ ላሜራ አያድርም፤ ዛሬውኑ አንቲራስቱን፣ የዝገት መከላከያውን ቀለም፣ ቀባው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔ ደግሞ ሱቅ የሚጠብቁኝ ያልተዘመዘሙ የተማሪ ልብሶች ነበሩብኝና ሸራ አለበስኋት፤ ነገ አልሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ። በማግስቱ እኔ ሱቅ ሳለሁ፣ እህቴም አባታችንን ወደ ዓይን ሐኪም ይዛ ሄዳ ሳለ፣ ከዋናው መንገድ የሚታየው አጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ፈዛዛ አረንጓዴ ይሁን ብለው ባወጡት መመሪያ መሠረት የቀለም ሠራተኞችዎ ደጃፋችን ደረሱ። አጥሩ ፊት ሸራ የለበሰች መኪና ቆማለች። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ባለቤቱን ፈልጎ፣ መኪናዋን አስነሥቶ፣ አጥሩን በቀባ ነበር። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን ሰው ማስቸገር ስለማይወድ ሸራውን ገፎ መኪናዋን ቀባ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት በሯ ላይ ቆማ «ኧረ ይሄ እኮ መኪና ነው» ብትላቸው፣ «እኛ የታዘዝነው ከመንገድ የሚታየውን ሁሉ ነው፣ እናቴ» ብለው በትሕትና መልሰውላታል። ትእዛዙንም በታማኝነት ፈጽመዋል፤ የቀቡት በመንገዱ በኩል ያለውን ጎኗን ብቻ ነው። በሮቹን፣ እጀታዎቹን፣ የቁልፉን ቀዳዳ፣ የጎማዎቹን አጋማሽ፣ ከክብ መብራቶቿም በዚያ በኩል ያለችውን አንዷን ቀብተው፣ ወደ አጥሩ የዞረውን ጎኗን እንደ ነበረ ትተውታል። ከተማሪዎቹ አንዱ በዚያ ሲያልፍ አይቷት ለአንድ ዓይኗ ሕክምና ላይ ናት ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ሸራውንም እንደ አዲስ ሸሚዝ አጣጥፈው ኮፈኗ ላይ አስቀምጠዋል። በሙያዬ ብዙ አጣጣፊ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እጥፋት አላየሁም። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ነው።

ሁለተኛ። ነገሩን ለማስረዳት ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ፣ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ «የታደሱ አጥሮች» ከሚለው ርዕስ ሥር ፎቶግራፎች ተለጥፈው አየሁ። ታላቅየዋ ከሁለት አጥሮች መካከል በክብር ተሰልፋለች። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛዎ ጨዋ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እኛ መኪና አንቀባም፤ ስለዚህ የመኪና ቅሬታ አንቀበልም፤ የአጥር ከሆነ ግን ይንገሩኝ» አለችኝ። የቸገረው ሰው የማይለው የለምና የአጥር ነው አልኋት። ቀጥዬም አጥሬን ለቅዳሜ ወዲያ ወዲህ ላደርጋት ስለምፈልግ ይፈቀድልኝ አልሁ። ትንሽ አየችኝ፤ ወደ ውስጥ ገብታ ጠይቃ ተመለሰች፤ «እንግዶቹ መጥተው እስኪያልፉ አጥሩ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ተብሏል» አለችኝ። ምክንያቱንም አልደበቀችኝም፤ ከመኪናዋ በስተኋላ ያለው እውነተኛው አጥር አልተቀባም፤ እሷ ከተነሣች የመኪና ቅርጽ ያለው ያልተቀባ ቦታ፣ ከነጎማው፣ በዋናው መንገድ ላይ ይጋለጣል። ይህን ስትነግረኝ አልሣቀችም፤ እኔም አልሣቅሁም። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ አላውቅም፤ መምጫቸው ደጋግሞ መተላለፉን ብቻ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ላይ ሳለሁ አንዳንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። አጥር ሰሌዳ ያስፈልገዋል ወይ? አጥርስ ለዓመታዊ ምርመራ ይቀርባል ወይ? ለመሆኑ አባቴ ያን ሁሉ ሰው ያስተማሩት አጥር መንዳት ነው ወይ? መመሪያ ካለ በጽሑፍ ቢደርሰን እንታረማለን።

ሦስተኛ። የቀባችሁት የግድግዳ ቀለም ነው፤ የግድግዳ ቀለም በውሃ ይበጠበጣል። ውሃ በተፈተገ ባዶ ብረት ላይ ምን እንደሚሠራ ማንም የቤት እመቤት ከመጥበሻዋ ታውቀዋለች። አረንጓዴው ገና ሳይደርቅ ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣ ጀመር፤ ቀጥሎ ማበጥ፣ ቀጥሎ መሰንጠቅ። ብልጭታ መጥቶ በጣቱ አንኳኳና «ወይ አንተ ልጅ» ብቻ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ይህንን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ በእርስዎ ላይ ልጥለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስጽፈው ግን እጄ እምቢ አለ። ብረቱን ራቁቱን ያሳደርሁት እኔ ነኝ። «ነገ» ያልሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሦስተኛውን ግማሽ ከእርስዎ ላይ አንሥቻለሁ፤ ቀሪውን ግማሽ በመጋረጃ ይሸፍኑት።

የቀረውን ጉዳይ በቁጥር ላደርገው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ከሱቅ ስመለስ ያየሁትን አየሁና፣ የተጣጠፈውን ሸራ ዘርግቼ መልሼ አለበስኋት። ለማን እንዳለበስሁ አሁን ሳስበው ለእሷ አልነበረም፤ የራሴን ፊት ነው የሸፈንሁት። በዚያ መሀል አባቴ ከሐኪም ተመልሰው ኖሮ በበሩ ብቅ አሉ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን በሸራው ሥር ሰደዱና ከበሩ ጀምረው ወደ ታች ዳበሱ። የብየዳው ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር ጣታቸውን አንሥተው እርስ በርስ አሻሹት። ከዚያ ቀና ብለው «ጨረስካት እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልሁ።

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው እሱ ነው። ብረቱን ሳልቀባ ማሳደሬን እንዲያውቁብኝ አልፈለግሁም፤ የታመመ ዓይናቸውን ይዘው ከሐኪም መጥተው ሌላ ክፉ ወሬ ልነግራቸውም አልፈለግሁም፤ ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬም አሰብሁ፤ ያቺ ነገ የምትባል ቀን እኮ ለእኔ ደግ ሆና አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ምርቃት ሲያቃጥል ቀምሰው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፣ ክቡርነትዎ። በዚያው እጄ ራት በላሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት ገበታ ላይ ዳቦ ሲያቀብሉኝ ጥፍራቸውን አየሁት። ከሥሩ አረንጓዴ ነው። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ደግሞ ተጭሯል። እኔ አየሁ፤ እሳቸው እንዳየሁ አላወቁም፤ ወይም አውቀው ዝም አሉ። ስለ አየሩ ተጫወትን። እህቴ ሳህን ታጥባ ስትጨርስ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ እንዳልነግርህ ተብያለሁ ብላ ነገረችኝ። ገና በመጀመሪያዋ ምሽት ወደ አልጋቸው ስትሸኛቸው እንዲህ ብለዋት ነበር፤ «ወንድምሽ ሥራ በዝቶበት ደክሞት ነው። በግድግዳ ቀለም ሸፈናት። ቅዳሜ ሰው ፊት እንዳያፍር እኔ ቀስ ብዬ አነሣለታለሁ። እንዳትነግሪው፤ ይከፋዋል።»

አውቀው ነበር ማለት ነው። የብረት ቀለምና የግድግዳ ቀለም የማይለይ እጅ አይደለም ያላቸው። «ጨረስካት እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ እያወቁ ነበር፤ በሩን ከፍተው እውነቱን ይዤ እንድገባ ጠበቁኝ፤ እኔ ከውጭ ዘጋሁት። ከዚያም ዘግቶ የቆመውን ልጃቸውን መረቁት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሱቄን ዘግቼ መጣሁ። ላናግራቸው ነበር የመጣሁት። ከዳቦ ቤቱ ጥግ ስደርስ አየኋቸው። ሸራውን ወደ ላይ ገልበው፣ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው፣ ከቆረጥነው ላሜራ የተረፈች ቁራጭ ይዘው ይፍቃሉ። እጃቸውን እንዳይቆርጥ ጫፉን የጠቀለሉበት ጨርቅ ከሱቄ የጣልሁት የገበር ብጣሽ ነው። ትንሽ ይፍቁና እፍ ይላሉ፤ በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ እንደገና ይፍቃሉ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ውሃ አምጥታላቸው «ምን ሆነው ነው በዚህ ፀሐይ?» ስትላቸው፣ «ልጄ የጀመረውን እያገዝኩት ነው» አሏት። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ይልቁንም ኩራት ነበረበት።

እኔ የልብስ መለኪያ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳጠለቅሁ፣ ጥጉ ጋ ጥቂት ቆሜ፣ በሩጫ ተመለስሁ። ጎልማሳ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ የሰው መስኮት ሰብሬ ስሮጥ እንኳ እንደዚያ አልሮጥሁም። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬ ይሆናል፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ሱቅ እበላለሁ፤ ሲመሽ ስመለስ ሸራው በሥርዓት ተሸፍኖ አገኘዋለሁ፤ አባቴ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል፤ ደህና ዋለ እላለሁ። ሁለታችንም አንድን ነገር ከሁለት በኩል እንሸፍናለን።

ለምን አትነግራቸውም ይሉኝ ይሆናል። እህቴም ይህንኑ ትለኛለች። ምን ልበል? አባባ፣ የማስዋቢያ ጽሕፈት ቤቱ መኪናዋን አጥር መስላው ቀባት ልበል? አስቀድሞ የዋሸ ሰው፣ ቀጥሎ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል? የቤት ሥራዬን ፍየል በላችብኝ እንደሚል ተማሪ እሆናለሁ። አባቴ ሊያሳፍሩኝ ስለማይፈልጉ «እሺ ልጄ፣ ይሁን» ይሉኛል፤ ያ «ይሁን» ደግሞ ከመፋቂያው ብረት ይብሳል። ውሸቴ ለማመን ቀላል ነበር፤ እውነቱን ግን ማንም የሚያምነው እንዳይሆን አድርጎ የሠራልኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና ሁለት ነገር እለምናለሁ።

የመጀመሪያው፣ ቅዳሜ ዕለት አጥሬ ለአንድ ዙር ያህል እንድትነዳ ይፈቀድልኝ። ስለሚጋለጠው ቦታ አይሥጉ፤ አስቤበታለሁ። በታላቅየዋ ልክ ወረቀት አውጥቼ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ጨርቅ ሰፍቼ እስክትመለስ አጥሩ ላይ እሰቅላለሁ። እርስዎ እንደሚወዱት እስከ መሬት ይወርዳል፤ በዙሪያውም ትርፍ እተውለታለሁ፤ እንግዶቹ በዚያች ሰዓት ድንገት ብቅ ቢሉ እንኳ የሚያዩት አጥር ያው አጥር ነው።

ሁለተኛው፣ እርስዎ ራስዎ ቅዳሜ እንዲመጡልኝ ነው። አባቴ መኪናዋን ሲዳብሱ አጠገባቸው ቆመው «ቀለሙ የእኛ ነው» ይበሏቸው። ከዚህ ሌላ አልፈልግም። ካሳ አልጠይቅም፤ መልሳችሁ ቀቡልኝ ማለቱንማ ፈጣሪ ያርቀው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ በራስዎ አንደበት። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ እርስዎን ግን ያምናሉ፤ ያስተማሩትን ልጅ ሁልጊዜ ያምናሉ።

አዎ፣ ክቡርነትዎ፤ ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ያለችው፣ መዶሻ እንዳይነካት የተከለከልሁባት ስርጉድ የእርስዎ ናት። ሜዳው ዳር ያለውን ግንድ በኋላዋ ሲገጩት የተገኘች ናት። አባቴ ስለ እርስዎ ሲጠየቁ አሁንም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «ጎበዝ ልጅ ነበር። ወደ ፊት ሲነዳ የሚስተካከለው አልነበረም። ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ዞሮ አያይም።» ለምን አላስተካክላትም ብዬ ብጠይቃቸው «ሲመጣ እንዲያገኛት ነው» አሉኝ። ሠራተኞችዎ እሷንም ቀብተዋታል። አባቴ ግን ከሁሉ አስቀድመው የፋቁት እሷን ነው፤ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ እሷ ብቻ ጥቁር ቀይ ሆና ትታያለች። ቢመጡ ለመለየት አይቸገሩም።

በከፊል የተቀባ፣ በከፊል የዛገ፣ ነገር ግን ከቦታው ንቅንቅ ሳይል መመሪያ የሚጠባበቅ ታዛዥ ነዋሪ እንደመሆኔ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ የማያልቅ ቀለም፣ ለእንግዶችዎም መልካም ጉዞና በግራም በቀኝም ጎን የማይዞር አንገት እየተመኘሁ፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው በሚደርስ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የመጋረጃዎችዎ ሰፊ፣
በሰሌዳዎ ላይ ከታደሱት አጥሮች የአንዷ ባለቤት ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ የሚያወጣልኝ ጋዜጣ ማታ ማታ ለአባቴ ይነበብላቸዋል፤ የምታነብላቸው እህቴ ናት። ለሰው ሲነግሩ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላልና፣ ከዚህ መስመር በታች ያለው ለእርስዎ የተጻፈ አይደለም፤ እንዳያነቡት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከሥር ያለውን ነገር ሳያዩ ማለፍ ስለሚችሉበት ብዙ ያስቸግርዎታል ብዬ አልሠጋም።

እህቴ፣ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። አባባ፣ ብሩሹ የእኔ አልነበረም። «አዎ» ያልኩዎት ግን እኔ ነኝ፤ ባዶውን ያሳደርኳትም እኔ ነኝ። ነገ ሱቁን አልከፍትም። ያቺን ብረት ለእኔ ይስጡኝና፣ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው በእጅዎ የቀረውን ያሳዩኝ።